የፓምፑ እጀታና ካርታው፦ የውሃ መረጃን ለዓይን ስለማቅረብ

ኮሌራን ከውሃ ጋር ያያያዘው የዶክተር ጆን ስኖው ካርታ በጤና ትምህርት ቤቶች ሲነገር የኖረ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ፣ በ1854 በለንደን ከተማ ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ ዶክተሩ ሟቾችን በካርታ ላይ አሰፈሩ፤ ካርታውም ወደ አንድ የውሃ ፓምፕ አመለከተ፤ የፓምፑ እጀታ ሲነቀል ወረርሽኙ ቆመ። ትረካው ለማስተማር ቢመችም ቅደም ተከተሉ የተዛባ ነው። ካርታው ለባለሙያዎች የቀረበው እጀታው ከተነቀለ ከሦስት ወራት ገደማ በኋላ ነበር። ይህ ጽሑፍ የነገሩን ሂደት በአጭሩ በመዳሰስ፣ ስለ ውሃ የተሰበሰበ መረጃ አሳማኝ የሚሆነው በምን ምክንያት እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያማረ ሥዕል፣ የተሳሳተ ትርጓሜ

በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ የሚመጣው ከቆሻሻና ከብስባሽ በሚነሣ መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። በእንግሊዝ የልደትና የሞት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበሩት ዊልያም ፋር፣ ከ1848 እስከ 1849 የዘለቀው ወረርሽኝ ያስከተለውን ሞት መርምረው በ1852 ሪፖርት አወጡ። የለንደንን ወረዳዎች ከቴምዝ ወንዝ በላይ ባላቸው ከፍታ ደርድረው ሲያነጻጽሩ፣ መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሞት ምጣኔው በሚያስደንቅ ሥርዓት ሲቀንስ ተመለከቱ። ይህም ለመጥፎው አየር ንድፈ ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ ሆነ። ቁጥሮቹ በጥንቃቄ የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ስህተቱ የመጣው ከትርጓሜው ነው። በዝቅተኛው ስፍራ ከሚኖሩት ብዙዎቹ የሚጠጡት የከተማዋ ፍሳሽ የሚገባበትን የወንዝ ውሃ ነበር። ፋር የውሃውን ምንጭ ጨርሰው ባይዘነጉትም ለከፍታው የበለጠ ክብደት ሰጡ።

የ83 ሟቾች ዝርዝር

ዶክተር ስኖው በሙያቸው ሰመመን ሰጪ ሐኪም ሲሆኑ፣ ኮሌራ በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ የሚገልጽ አነስተኛ መጽሐፍ በ1849 አሳትመው ነበር። ሰሚ ግን አላገኙም። በነሐሴ 1854 መጨረሻ በሶሆ ሰፈር፣ ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ አካባቢ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስኖው ከምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ የ83 ሟቾችን ዝርዝር ተቀብለው ወደ ቦታው ሄዱ። ሁሉም ማለት ይቻላል ለብሮድ ስትሪት ፓምፕ ቅርብ ነበሩ፤ ለሌላ ፓምፕ ይበልጥ ቅርብ በሆኑ ቤቶች የሞቱት 10 ብቻ ናቸው። ስኖው እነዚህን እንደ ጥቂት ቆጥረው አላለፏቸውም፤ ቤተሰቦቻቸውን ጠየቁ። አምስቱ ቤተሰቦች ዘወትር ውሃ የሚያስቀዱት ከብሮድ ስትሪት እንደነበር ተናገሩ፤ ሌሎች ሦስት ሟቾች ደግሞ በፓምፑ አቅራቢያ ይማሩ የነበሩ ልጆች ነበሩ።

በቅርብ ሳሉ ያልሞቱትንም መረመሩ። በዚያው ሰፈር የነበረው የድሆች መጠለያ 535 ነዋሪዎች ሲኖሩት በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከ70 በላይ የሆኑት የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችም በኮሌራ አልሞቱም፤ መጠጣቸው ቢራ ነበርና። በአንጻሩ ከሰፈሩ ርቀው በሃምፕስቴድ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ የብሮድ ስትሪትን ውሃ ስለሚወዱ እያስመጡ ይጠጡ ነበርና ሞቱ።

መስከረም 7 ስኖው ለአጥቢያው አስተዳደር አባላት ያገኙትን አስረዱ፤ በማግሥቱ እጀታው ተነቀለ። ብዙ ነዋሪ ሰፈሩን ለቆ ስለነበር ወረርሽኙ ቀድሞውኑ መብረድ መጀመሩን ስኖው ራሳቸው አልሸሸጉም።

ካርታውና አካፋዩ

በካርታው ላይ እያንዳንዱ ሞት በቤቱ በር ላይ እንደ ጡብ በተደረደረ አጭር ጥቁር መስመር ተመልክቷል፤ ፓምፖቹም ተለይተው ተቀምጠዋል። በኋላ ባዘጋጁት ካርታ ላይ፣ በእግር ሲኬድ ለብሮድ ስትሪት ፓምፕ የሚቀርበውን ክልል የሚለይ መስመር ጨመሩ። የመንግሥት የጤና ቦርድ መርማሪዎችም የዚያኑ ሰፈር ሞት በካርታ አስፍረው ነበር፤ ሆኖም በ1855 የስኖውን ድምዳሜ አልተቀበሉም። ያው ሞት በሁለት ካርታዎች ላይ ሰፍሮ ሁለት ትርጓሜ አገኘ።

ይበልጥ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው በደቡብ ለንደን ነው። በዚያ ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ለሚገኙ ቤቶች ውሃ ያቀርቡ ነበር። ላምቤት የተባለው በ1852 መቅጃውን ወደ ላይኛው ንጹሕ የወንዙ ክፍል አዛወረ፤ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን ከተበከለው ክፍል መቅዳቱን ቀጠለ። በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ 7 ሳምንታት፣ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ከሚያዳርሳቸው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች ሞቱ፤ ላምቤት ከሚያዳርሳቸው 26,107 ቤቶች ደግሞ 98። በየ10,000 ቤቱ ሲሰላ 315 እና 37 ይሆናል። የጎረቤቶቹ አየርና ከፍታ አንድ በመሆኑ ልዩነቱን በእነርሱ ማሳበብ አልተቻለም።

ስኖው በ1858 አረፉ። የፓምፑን ምክንያትነት ይጠራጠሩ የነበሩት የአጥቢያው ካህን ሄንሪ ዋይትሄድ፣ ራሳቸው ቤት ለቤት ጠይቀው አምነው ነበር፤ በጉድጓዱ አጠገብ በሚገኝ ቤት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ወደ ጉድጓዱ ጎን ይፈስ እንደነበር የደረሱበት እርሳቸው ናቸው። ፋርም በ1866 በምሥራቅ ለንደን ኮሌራ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድመው የውሃውን አቅራቢ መረመሩ።

ለእኛ

አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአገራችን ደጋግሞ ተከስቷል፤ የ2006ቱን ወረርሽኝ የሚያስታውሱ ባልደረቦች ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሕሙማን ቁጥር በጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቁጥሩ ግን ከየትኛው ምንጭ ስንት ሰው እንደሚጠጣ ካልተናገረ፣ ብዙ ሕዝብ ያለበት መንደር ሁልጊዜ ጥፋተኛ መስሎ ይታያል። ከምንጩ አጠገብ ሆነው ያልታመሙትና ከሩቅ ሆነው የታመሙትም በሥዕሉ ላይ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል፤ እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእነርሱ ነውና። በመጨረሻም መረጃው ለሚወስነው ሰው በሚገባው ቋንቋ መድረስ አለበት። የአጥቢያው አባላት የስኖውን ንድፈ ሐሳብ አምነው አልነበረም፤ የቀረበላቸው ጥያቄ ግን በአንድ ቀን ሊፈጸም የሚችል፣ የአንድ ፓምፕ እጀታ ጉዳይ ነበር።