ጋላክሲን የሚያመክነው ምንድን ነው?

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ ተቆረቆረ። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሲሆንም ትልቁ ሀብቱ ያው የጅቡቲ መስመር ነበር። የአንድ ቦታ ዕጣ በራሱ አቅም ብቻ አይወሰንም፤ አካባቢውም ይወስንለታል ወይም ይወስንበታል።

የጋላክሲዎችም ነገር እንዲሁ ነው። ይህን ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

የጋላክሲ ጥሬ ዕቃ ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ጋዙ በራሱ ስበት ሲሰበሰብ ኮከብ ይወለዳል። ጋዙ ሲያልቅ ጋላክሲው አይጠፋም፤ ግን ይመክናል። ሰማያዊዎቹ ወጣት ከዋክብት ቶሎ ያልቃሉ፤ ቀያዮቹ አሮጌዎች ይቀራሉ።

ጋዙን ማን ይወስደዋል? እ.ኤ.አ. በ1972 ጀምስ ገን እና ሪቻርድ ጎት አንድ መልስ ሰጡ። በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች የሚሰባሰቡበት ክላስተር በሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ሞልቶታል። ወደዚያ የሚወድቅ ጋላክሲ በሴኮንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊከንፍ ይችላል። ያኔ ኃይለኛ ነፋስ እንደመታው ሁሉ ጋዙ ይገፈፋል።

በ1980 ደግሞ ላርሰን፣ ቲንስሊ እና ካልድዌል ዝግ ያለውን መንገድ አመለከቱ። በፓርኩ ሼድ ውስጥ ያለ ፋብሪካ አስቡ፤ ጥሬ ዕቃው ቢቋረጥ ማሽኑ በዚያው ቀን አይቆምም። መጋዘን ያለውን ይጨርስና ዝም ይላል። ከውጭ የሚገባለት ጋዝ የተቋረጠበት ጋላክሲም እንዲሁ ነው። በዚያው ዓመት አለን ድሬስለር 55 ክላስተሮችን አጥንቶ፣ መንደሩ በተጨናነቀ ቁጥር ኮከብ የሚወልዱት ጠምዛዛ ጋላክሲዎች እንደሚያንሱ አሳየ።

ትልቁ ግርምት የመጣው በ2002 ነው። አውስትራሊያ በሚገኝ ቴሌስኮፕ በ17 ክላስተሮችና በዙሪያቸው ያሉ 11 ሺህ ያህል ጋላክሲዎች ተመረመሩ። የከዋክብት ልደት የሚቀንሰው መሀል ሲደርሱ ብቻ አልነበረም፤ ገና ከዳር፣ በመንገድ ላይ ሳሉ ይጀምራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያም አለችበት። በ1978 ቡቸር እና ኦምለር ከመረመሯቸው ሁለት ሩቅ ክላስተሮች የአንዱ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። ያንኑ ክላስተር ከአርባ ዓመት በኋላ የእንጦጦ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ባነሳቸው ምስሎች የጋላክሲዎቹን ቅርጽ ለይተው ውጤቱን በ2019 አሳተሙ።

«ዳቦ ሳይጠገብ ጋላክሲ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ተመራማሪም ጥሬ ዕቃ አለው፦ መረጃ፣ ኮምፒውተር፣ በጀት፣ ተተኪ ተማሪ። እነዚህ ሲቋረጡ ተቋም በማግሥቱ አይዘጋም፤ በጀመረው ሥራ ጥቂት ዓመት ይታያል። መምከኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ስለ እንጦጦ ስናወራ «ዛሬ ምን አሳተመ?» ብቻ ሳይሆን «ነገ የሚሠራበት አለው ወይ?» ብለን እንጠይቅ።