ከእንጦጦ የሚወርደው ነዳጅ

«የአገራችን የነዳጅ ምርት ታሪክ ከየት ይጀምራል?» ቢሉኝ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አሰብን አላስቀድምም። እኔ የምጀምረው ከእንጦጦ ነው። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን ከተራራው በጀርባቸው አዝለው የሚያወርዱት ደግሞ ሴቶች ነበሩ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ጽድና ወይራ ነበር። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲቆረጥ ብዙም ሳይቆይ ተመናመነ። በዚያ ዘመን ልማድ ማገዶ ያለቀበት ከተማ ይለቀቃል እንጂ ማገዶ አይተከልለትም። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቀው አዲስ ዓለምን ለዋና ከተማነት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ቢቆርጡትም መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው፤ ስሙም በመምጫው ባሕር ዛፍ ተባለ። አዲስ ዓለም ላይ የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ማገዶም ከዱር የሚለቀም መሆኑ ቀርቶ ተተክሎ የሚቆረጥ ምርት ሆነ።

ቀጣዩም ነዳጅ በባሕር መጣ። በሶቪየት ኅብረት ብድር የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ በመርከብ የሚመጣውን ድፍድፍ ነዳጅ ቤንዚን፣ ናፍጣና ላምባ አድርጎ ያወጣ ጀመር። በኛም ቤት ወጡ ወደ ላምባ ምድጃ ተዛወረ፤ ምጣዱ ግን ከቅጠሉ አልተላቀቀም።

ማጣሪያው እያለም ላምባ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። አንድ ክረምት ጀሪካን ይዤ ስሰለፍ ውዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ በር ላይ ወጥታ አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ጠራች። ሴትዮዋ ሸክሟን አውርዳ ውኃ ስትጠጣ፣ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ እስሩን ላነሣው ሞከርኩ። ከመሬት ንቅንቅ አላለልኝም። «ተወው ልጄ፣ ይሰብርሃል» አለችኝ።

ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ ስትወጣ ማጣሪያው ከአገራችን ውጭ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚኑም ናፍጣውም ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ ይገዛል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ መመረቁን ስሰማ እንደ ማንም ደስ ብሎኛል። ይሁንና በገጠር አብዛኛው ምድጃ ዛሬም የሚነደው በማገዶ ነው።

አሰብ ያጣራውን በቶን፣ ካሉብ የሚያወጣውን በሊትር እንቆጥራለን። አንድ ሰው የዚህችን አገር የነዳጅ ታሪክ አሟልቶ ሊጽፍ ቢነሣ ግን፣ ያ እኔ ላነሣው ያልቻልኩት እስር ስንት ይመዝን እንደነበር አብሮ ቢጽፍልኝ እወዳለሁ።