ከሎስ አንጀለስ እስከ ዲላ፤ የኦዞን ብክለት አጭር ታሪክ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በገበያዋ ከቡናውና ከቆጮው ጎን አናናስ ተከምሮ ይታያል። የዚህ ፍሬ መዓዛ ከታላላቅ ከተሞች የአየር ብክለት ታሪክ ጋር ዝምድና አለው ቢባል አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ ዝምድናው ግን እውነተኛ ነው።

በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምር የነበረው ትውልደ ሆላንዳዊ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚመራመረው ስለ አናናስ ጣዕምና መዓዛ ነበር። መዓዛ ማለት በቀላሉ ወደ አየር የሚተኑ፣ ካርቦን ያለባቸው ውህዶች ስብስብ ነው፤ በሙያችን ቋንቋ ተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች እንላቸዋለን። የሎስ አንጀለስ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ዓይን በሚለበልብ፣ ጉም በሚመስል ጭስ ተሸፍና፣ ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ጠላት የመርዝ ጋዝ የለቀቀ የመሰለው ሰው ጥቂት አልነበረም። ሃገን-ስሚት የፍሬውን ሽታ ለማጥመድ ይገለገልበት የነበረውን ዘዴ ወደ ከተማው አየር አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍም ዋናውን ነገር ገለጠ፤ ይኸውም የጭሱ አጥቂ ኃይል ኦዞን መሆኑን፣ ኦዞኑም ከማንኛውም ጭስ ማውጫ የማይወጣ፣ ይልቁንም የቤንዚን ትነትና የሞተር ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ አየር ላይ የሚሠራ መሆኑን ነው። የነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የከፈሉት አንድ የጥናት ተቋም ይህን አባባል ተቃውሞ ነበር። ጎንበጥ ተደርጎ የታሰረ ጎማ በኦዞን ውስጥ በደቂቃዎች ሲሰነጣጠቅ ማየት ግን ለክርክር ብዙ ቦታ አይተውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተር የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ አየር ውስጥ ወደ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ የፀሐይ ብርሃን ይህንኑ ሲሰነጥቀው አንድ የኦክሲጅን አቶም ነጻ ወጥቶ ከተራው ኦክሲጅን ጋር ይዋሐድና ኦዞን ይሆናል። ነገሩ በዚህ ቢቆም ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ የቀረው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተሠራውን ኦዞን መልሶ ያፈርሰዋልና። ሚዛኑን የሚያዛቡት ተናኞቹ ውህዶች ናቸው። እነርሱ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐዱ የሚፈጠሩት ቅንጣቶች ናይትሪክ ኦክሳይዱን በኦዞን ፈንታ ራሳቸው ይለውጡታል፤ አፍራሹ ሥራ ሲፈታ ኦዞኑ ይከማቻል። ይህም ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ኦዞን ብዙ ጊዜ የሚበረታው መኪና በተጨናነቀበት መሐል ከተማ ሳይሆን፣ ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ባለው ገጠር ነው። ከተሜው የለቀቀውን ገበሬው ይተነፍሰዋል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ዛፎች ይዞራል። ጆርጂያዊው ሳናድዜ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቅጠሎች አይሶፕሪን የተባለ ተናኝ ውህድ እንደሚተነፍሱ አመለከተ፤ የሃገን-ስሚት የሥራ ባልደረባ የነበረው ፍሪትስ ዌንትም እ.ኤ.አ. በ1960 በተራሮች ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ከዕፅዋት ትንፋሽ እንደሚመጣ ጻፈ። ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ቆጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ግን ቻሜዲስና ጓደኞቹ በደን የተከበበችውን የአሜሪካን ከተማ አትላንታን መርምረው፣ የዛፉ ትንፋሽ ካልተቆጠረ የኦዞኑ ሒሳብ እንደማይገጥም አሳዩ። የቤንዚኑን ትነት ብቻ መቀነስ በዚያች ከተማ በቂ አልነበረም፤ የናይትሮጂን ኦክሳይዶችን መቀነስ ያስፈልግ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ በተራቆተ ጊዜ፣ ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ መጣ፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ከተማዋን ከስደት ያዳነው ይህ ዛፍ አይሶፕሪንን አብዝተው ከሚተነፍሱት ዕፅዋት አንዱ ነው። ምኒልክ ባስተከሉት ጊዜ ከትንፋሹ ጋር የሚገናኝ የሞተር ጋዝ በከተማዋ አልነበረም። ዛሬ ግን ከእንጦጦ ግርጌ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ብርቱ ፀሐይ በሚያርፍበት ስፍራ፣ የባሕር ዛፉ ትንፋሽና የመኪናው ጋዝ ይገናኛሉ።

ጌዴኦ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ከላያቸውም ዋንዛውና ብርብራው በአንድ ጓሮ የሚኖሩበት ይህ አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ተመራማሪው ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለዚህ የመሬት አያያዝ ያቀረቡትን ጥናት «የአምስት ሺሕ ዓመታት ዘላቂነት?» ብለው በጥያቄ ምልክት ሰይመውታል፤ ጥያቄው ዛሬም በቦታው ነው። በደጋው፣ በቡሌ በኩል፣ ባሕር ዛፍ እየገባ ነው።

እዚህ ላይ ዛፉን በካይ ብሎ መክሰስ የሚዳዳው ሰው ይኖራል። ክሱ ኬሚስትሪውን አያውቅም። የናይትሮጂን ኦክሳይድ እጅግ ባነሰበት አየር ውስጥ የዛፉ ትንፋሽ እንዲያውም ኦዞንን ይበላል። የጫካ ትንፋሽ እንደ ተከመረ ማገዶ ነው፤ ክብሪቱን የሚጭረው ሞተሩ ነው። ማገዶው በበዛበት አገር ደግሞ የኦዞኑን መጠን የሚወስነው የክብሪቱ ቁጥር ነው። በመሐል አዲስ አበባ፣ ጋዙ ከልክ ባለፈበት ጎዳና፣ የቤንዚንና የቀለም ትነትን መቆጣጠር ፈጥኖ ሊጠቅም ይችላል፤ በዲላ ዙሪያ ግን ያንኑ ደንብ ገልብጦ ማዋል ብዙ አይፈይድም። በሁለቱ አገሮች የጎደለው ነገር አንድ አይደለምና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የስምንት ሰዓት የኦዞን ልክ በሜትር ኩብ 100 ማይክሮግራም ነው። ልኩ የተቆረጠው ለሰው ሳንባ ነው፤ ቅጠልም ግን ይጎዳል። ኦዞን በቅጠል ቀዳዳ ገብቶ ምግብ መሥሪያውን ያዳክማል፤ ቦሎቄ በተለይ አይችለውም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ለአዲስ አበባ አየር መልካም ዜና ነው። የዲላን ጎዳና የሚያጨናንቀው ግን የናፍጣ ጭነት መኪና ነው። የናፍጣ ሞተር ትነቱ ጥቂት፣ የናይትሮጂን ኦክሳይዱ ብዙ ነው፤ ለጌዴኦ አየር የጎደለውም ይኸው ነበር። ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ በጠራ ቀን፣ መኪኖቹ ከወናጎ ወደ ይርጋ ጨፌ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጡ፣ ጭሳቸው ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር ይገባል።