ስለ «አምባ» ቃል

ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ለሚወርድ መንገደኛ አሊዩ አምባ በኮረብታዋ ላይ ሆና ትታየዋለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ከሐረርና ከአፋር ቆላ የሚመጡ ነጋድያን ጭነታቸውን የሚያራግፉባት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጨውና ቡና የሚገበያዩባት ከተማ ነበረች። ዛሬ ከስሟ «አምባ» የሚለውን ቃል ወስደን እንመርምር።

አምባ በቋንቋችን ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ ትግርኛም ተራራን «እምባ» ይለዋል። ጠላት በቀላሉ የማይወጣው ስለ ሆነ ምሽግ ሆነ፤ የተያዘም ሰው በቀላሉ የማይወርደው ስለ ሆነ ግዞት ቤት ሆነ። በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ስሙ ወህኒ ነበርና፣ ያ ስም ለእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ምኒልክም እስከ 1857 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ተግዘው ነበር፤ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ሰው ቤት ሠርቶ ሲሰፍርበት ደግሞ መንደሩ ራሱ አምባ ተባለ።

ድምፅን ብቻ የሚከተል ሰው ግን ይስታል። የግብፅ ክርስቲያኖች ጳጳሳቸውን «አንባ» ይሉታል፤ ይህ ቅዱስ ጳውሎስ በመልእክቱ ከጠቀሰው ከአራማይስጡ «አባ» የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም አባት ማለት ነው። አባ አረጋዊ በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ገዳም መሥርተዋል፤ ስለዚህም አባት በአምባ ላይ ኖረ እንጂ የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ አልሆነም። በህንድ አገር በማራቲ ቋንቋም «አምባ» የማንጎ ፍሬ ነው። የቃላት ዝምድና በትርጓሜና በታሪክ ካልተመሰከረ ድምፅ ብቻውን አይበቃም።

አንድ የባዕድ ቃል ግን ከእኛ አምባ የተወለደ ነው። በየካቲት 1928 ዓ.ም. በአምባ አራዶም ጦርነት የኢጣልያ ሠራዊት በወገኖቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ ጣለባቸው። ከዚህ ስም የመጣው «አምባራዳን» በኢጣልያንኛ ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ሆነ። ዛሬ ያን ቃል እየሳቀ የሚናገር ሰው የብዙዎች መቃብር ስም በአፉ እንዳለ አያስብም።

ነገር ግን ሌላውን በመርሳቱ ከመንቀፋችን በፊት እኛ ራሳችን ልጆቻችንን እናስተምር። አምባ አራዶም የሚለው ስም ሲነሣ የሞቱትን ያስቡ፤ ወህኒ ሲባል የታሰሩትን ያስቡ፤ አሊዩ አምባ ሲባል ደግሞ ባለ ሁለት ሃይማኖት ሰዎች በአንድ ገበያ የዋሉበትን ኮረብታ ያስቡ።