ስለ ስጋጃና ስለ ዝተት፤ የይፋት መንገድና የመንዝ በግ ጠጕር

ሰው ገንዘቡን የሚያውቀው በስሙ ነው፤ ስሙን ላላወቀለት ዕቃ ዋጋውንም ሊያውቅለት አይችልም። በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤትና በቀደሙት ባላባቶች ቤት ተጠቅልለው የተቀመጡት አሮጌ የጠጕር ምንጣፎች ያገኛቸው ዕጣ ይኸው ነው። አንዱ ሲዘረጋ ያየ ሰው፥ «ይህስ የፋርስ ነው» ይላል፤ ሌላውም አገሩን ያከበረ መስሎት፥ «የመንዝ ነው» ይላል። ሁለቱም ጀርባውን ገልብጠው ሳያዩ የሚፈርዱ ናቸው። የፊተኛው ፍርድ የአገሩን ፈታይ ክብር ያስቀራል፤ የኋለኛው ደግሞ የባዕዱን ሠራተኛ ድካም ይወስዳል። ፍርዱ እንዲቀና፥ በይፋት ቆላ በኩል ያለፈው ምንጣፍ ምን እንደ ነበረ፥ በላዩ ባለው ደጋ የተሠራውም ምን እንደ ነበረ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጠጕር በመጽሐፍ ዘንድ የተናቀ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘጸአት የምስክሩ ድንኳን መጋረጃ ከፍየል ጠጕር እንዲሠራ ታዟል፤ የፈተሉትም ልባቸው በጥበብ የተነሣሣ ሴቶች ናቸው። መጋረጃዎቹ 11 ነበሩ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 30 ክንድ፥ ወርዱም 4 ክንድ ሆኖ፥ አምስቱ ለብቻ ስድስቱም ለብቻ ተጋጥመው አንድ ድንኳን ሆነዋል። በመሳፍንትም ዘመን የጌዴዎን ፀምር ምድሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ ጠል ወርዶበታል፤ ሊቃውንትም ፀምሩን የእመቤታችን፥ ጠሉንም የቃል ምሳሌ አድርገው ይተረጕማሉ። ይህን በየዕለቱ የሚያመሰጥር ካህን፥ ከእግሩ በታች የተነጠፈው ፀምር ከማን በግ ተሸልቶ በማን እጅ እንደ ተፈተለ ቢጠይቅ ከትምህርቱ የወጣ አይሆንም።

በእጅ የሚቋጠር ምንጣፍ ከተራ ሽመና የተለየ ሥራ ነው። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨት ተገጥሞ ድሩ ከላይ እስከ ታች ይወጠርበታል። ሠራተኛው ከቀለመው ጠጕር እየቈረጠ በሁለት በሁለት የድር ክሮች ላይ አንድ በአንድ ይቋጥራል፤ አንድ ተራ ቋጥሮ ሲጨርስ ማግ አግብቶ ይጠቀጥቀዋል፤ እንደገናም ሌላ ተራ ይጀምራል። ሥዕሉ የሚወጣው ከቋጠሮው ቀለም ነው፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ምንጣፍ የወራት፥ አንዳንዱም የዓመታት ድካም ይጠይቃል። የፋርስ፥ የቱርክና የካውካስ መንደሮች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጥንታዊነቱንም በአልታይ ተራራ በፓዚሪክ መቃብር በረዶ ውስጥ ተጠብቆ የተገኘው ምንጣፍ ይመሰክራል። ሩሲያዊው ሊቅ ሩዴንኮ በ1949 በአውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው ይህ ምንጣፍ ርዝመቱም ወርዱም ሁለት ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዕድሜው ከ2300 ዓመት ይበልጣል።

ይህን የመሰለው ምንጣፍ ወደ ኢትዮጵያ በየት በኩል እንደ ገባ ስሙ ራሱ ይናገራል። ስጋጃ የተባለው ቃል ከዐረብኛው ሰጃዳ የመጣ ነው፤ ሰጃዳም የሚሰገድበት ምንጣፍ ማለት ነው። የዐረብኛው ሰጀደና የግእዙ ሰገደ አንድ ሥር ያላቸው ቃላት ስለ ሆኑ፥ ስጋጃና ስግደት ዘመዳሞች ናቸው። ዕቃው በነጋዴ እጅ ከባሕር ወዲህ ሲመጣ ስሙንም ይዞ መጣ፤ በመስጊድ የሚሰግደው እስላምም በቤተ ክርስቲያን የሚሰግደው ክርስቲያንም በአንድ ስም ጠሩት።

ያ የነጋዴ መንገድ ይፋትን የሚያቋርጥ ነበር። የወላስማ ቤት በ1277 ዓመተ ምሕረት ገደማ የሸዋን ሱልጣኖች አሸንፎ መንግሥቱን በይፋት ባጸና ጊዜ፥ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ በእጁ ገባ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓመተ ምሕረት ከይፋቱ ሰብረዲን ጋር የተዋጉት ጦርነት ስለ ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን ስለዚህ መንገድም ጭምር ነበር። ዛሬ በይፋት ምድር እንደ ኖራ ባሉ ስፍራዎች የጥንት ከተሞችና መስጊዶች የድንጋይ ፍርስራሽ ይታያል። ድንጋዩ ቆሟል፤ በድንጋዩ ውስጥ ተነጥፎ የነበረው ጠጕር ግን ብል በልቶት አፈር ሆኗል። የጠጕር ሥራ ታሪክ የሚቸግረውም ስለዚህ ነው፤ ምስክሩ ከዕቃው ይልቅ የጻፈው ሰው ቃል ይሆናል።

የጻፉትም እንግዶች ናቸው። ከ1512 እስከ 1518 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ድንኳን ምንጣፍ ተነጥፎ ማየቱን ጽፏል። ከእርሱ በኋላ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1833 ዓመተ ምሕረት፥ የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከተጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በይፋት ገደል ወደ አንኮበር ወጣ። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት መካከል አዳራሹን ሙሉ የሸፈነ ትልቅ ምንጣፍ ነበረበት፤ መኳንንቱም ሁሉ እንደ ተደነቁበት ራሱ በመጽሐፉ ተርኳል። ነገር ግን ያ ምንጣፍ የብሩክሴል የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ክሩ እየታጠፈ በሽመና የሚሠራ እንጂ በጣት የሚቋጠር አይደለም። እንግዲህ ታሪክ የመዘገበው የሸዋ ምንጣፍ የአገር ሥራ አልነበረም፤ የተቋጠረም አልነበረም። የመንዝን በርኖስ ማን እንደ ፈተለው ግን የጠየቀም የጻፈም የለም።

የአገሩ ሥራ በደጋው ነበረ። የመንዝ በግ በቁመቱ አጭር፥ ላቱ ወፍራም፥ ጠጕሩም ሻካራ ሆኖ ረዥም ነው፤ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ውርጩን የሚችለው በዚህ ጠጕር ነው። ሰውም ያንኑ ከበጉ ተውሶ ለበሰው። ጠጕሩ ተሸልቶና ታጥቦ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሠራዋል። ከዚህም ለመኝታና ለመደረቢያ ባና፥ ለምንጣፍና ለልብስ ዝተት፥ ለሐዘንተኛና ለመናኝ ማቅ፥ ለዝናብና ለብርድ በርኖስ ይወጣል። ቀለሙ በብዛት በጉ የተፈጠረበት ነው፤ ጥቁሩ ከጥቁር፥ ቡናማው ከቡናማ፥ ነጩም ከነጭ በግ ይመጣል፤ ጌጡም የእነዚህ መስመር ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጠጕር ያለው አገር ስለ ምን ቋጠሮ አልለመደም? ምላሹ በሽመናው ዕቃ ላይ ይገኛል። የአገራችን ሸማኔ እግሩን በጕድጓድ ውስጥ አግብቶ ተቀምጦ፥ መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይቀባበላል፤ ስለዚህ የሚሠራው ወርድ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም። ሰፊ ሲፈለግ ወርድ ከወርድ ጋር ተጋጥሞ ይሰፋል፤ ይህም የምስክሩን ድንኳን መጋረጃዎች ያስታውሳል። የቋጠሮ ምንጣፍ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቆመ እንጨትና ሰፊ ድር ይሻል። ደግሞም ፊቱ ጠጕራም የሆነ መቀመጫ ለፈለገ ሰው አጎዛ ነበረለት፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ የቋጠረውን ዳግመኛ መቋጠር አላሻውም።

ቆላውስ? ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሙቅ አገር ናት፤ በዚያ ወፍራም የጠጕር ምንጣፍ መኝታን ያከብዳል እንጂ አያስመኝም። የቆላው ሰው ሰሌንና ጀንዲ ያነጥፋል፤ ልብሱም ጥጥ ነው፤ አርጎባዎችም በጥጥ ሽመናና በንግድ ከጥንት የታወቁ ናቸው። ሆኖም ቆላው ለደጋው ሥራ ባዕድ አልነበረም። የደጋው ሰው ገብሱንና የጠጕር ሥራውን ይዞ ወርዶ፥ ጥጥና ማሽላ፥ በርበሬና ጨው ይዞ ይመለስ ነበር። እንደ አልዩ አምባ ያለው ገበያ የቆመው በዚህ ልውውጥ ነው፤ በዚያም በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። ክርስቲያኑ የእስላሙን ጥጥ ለበሰ፤ የይፋት ነጋዴም ገደሉን ሲወጣ ከብርድ የሚያድነው የደጋ ባና ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የሁለቱ አገር ኑሮ እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ነበር።

በኋላ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በጠላት ወረራ ጊዜ፥ በ1928ና በ1933 ዓመተ ምሕረት መካከል፥ ጣልያን የጣርማበርን ተራራ ሰርስሮ የደሴን መንገድ በደብረ ሲናና በሮቢት በኩል ስላወረደው፥ ንግዱ ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ እየራቀ ወደ መኪናው መንገድ ዞረ። በ1950ዎቹ በደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1959 ዓመተ ምሕረት ገደማም እዚያው የበግ ማራቢያ ተከፍቶ፥ ጠጕሩ እንዲሻሻል የመንዝን በግ ኮሪዴልና አዋሲ ከሚባሉት የውጭ አገር ዘሮች ጋር ማዳቀል ተጀመረ። የቋጠሮም ሥራ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን የእጅ ሥራ ቤቶች ተለመደ፤ የመንዝ በግ ጠጕር ሻካራ መሆኑም ለምንጣፍ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ «የአገር ቋጠሮ» የሚባለው እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን የአያት እንጂ የቅድመ አያት አይደለም። የቅድመ አያቱ ዝተት ነው።

አሁን የሚያሳዝነው ይህ ነው። ከፋብሪካ የወጣ፥ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ በስእለት በገባ ቍጥር አሮጌው ይነሣል፤ ስጋጃው እንኳ አንዳንድ ጊዜ «ከውጭ የመጣ ነው» ተብሎ ይተርፋል፤ ዝተቱ ግን የአህያ መደላድል ወይም የበር መጥረጊያ ሆኖ ያልቃል። ከእርሱም ጋር የፈታዮቹ እጅ የመጨረሻ ምስክር ይጠፋል።

ስለዚህ ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ካህን ከመጣሉ በፊት ይገልብጥ። ጀርባው ላይ ቋጠሮው አንድ በአንድ እየታየ የፊቱ ሥዕል በጀርባውም ከወጣ፥ በእጅ የተቋጠረ ነው። ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ሆኖ ጠጕራም ፊት ከሌለው፥ መካከሉም በስፌት ከተጋጠመ፥ የአገር ሸማኔ ሥራ መሆኑ የተገመተ ነው። ጀርባው በሙጫ ከተለጠፈ በእጅ የተቋጠረ አይደለም። ከዚያም በኋላ ርዝመቱንና ወርዱን፥ ማን እንደ ሰጠውና መቼ እንደ ገባ፥ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ሁሉ በንብረት መዝገብ ይጻፍ፤ ዕቃውንም እያናፈሰ ከብልና ከእርጥበት ይጠብቅ።

የንጉሡ አዳራሽ ምንጣፍ አንድ እንግዳ ስለ ጻፈለት እስከ ዛሬ ይነገርለታል። የመንዝ ሴት በክረምት ጨለማ እሳት ዳር የፈተለችው ዝተት ግን ጸሐፊ አላገኘም። ብዕርና መዝገብ በእጁ ያለ ሰው ይህን ዕዳ ሊከፍል ይገባዋል።