የገደል ዋልያና የባሕር አንበሪ

የሰው ጉልበት ሲጨምር ልክን የሚያውቅ ልቡና አብሮ ካልጨመረ፥ ሰው በእጁ ያለውን አጥፍቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን ለወጣቶች በምክር ብቻ ከመናገር በታሪክ ማሳየት ይሻላልና ሁለት ፍጥረቶችን ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ። አንዱ በስሜን ገደል የሚኖረው ዋልያ ነው፤ ሁለተኛው ነቢዩ ዮናስን ዋጠው ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ዓሣ አንበሪ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ ስለ አንበሪ ልናገር። ይህ ፍጥረት ዓሣ ቢባልም እንደ ላምና እንደ ፍየል በሳምባ ይተነፍሳል፤ ልጁንም ጡት ያጠባል። የባስክ ሰዎች በ11ኛው መቶ ዓመት በትንንሽ ጀልባ ሆነው በእጅ በሚወረወር ጦር ይገድሉት ነበር። በኋላም ሆላንዶች፥ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ተከተሏቸው። የሚፈልጉት ይልቁን ስቡን ነበር፤ ከስቡ የቀለጠው ዘይት የብዙ ከተሞች መብራት ሆኖ ነበርና። በዚያ ዘመን አዳኙም ነፍሱን አስይዞ ይወጣ ስለ ነበር፥ ጀልባው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ የቀረው ጥቂት አይደለም።

ነገር ግን በ1860ዎቹ ዓመታት ስቬን ፎይን የተባለ የኖርዌይ ሰው በመድፍ የሚተኰስና በአውሬው ገላ ውስጥ የሚፈነዳ ጦር አበጀ። በ1925 ደግሞ የተገደለውን አንበሪ በኋላዋ በኩል ጐትታ የምታወጣ፥ ስቡንም እዚያው ባሕር ላይ የምታቀልጥ ትልቅ መርከብ ወጣች። ከዚህ ወዲያ አደን መሆኑ ቀርቶ እርድ ሆነ። ከ1930 እስከ 1931 ባለው አንድ የአደን ወራት ብቻ ከ28,000 በላይ ሰማያዊ አንበሪ ተገደለ። ሴቲቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ልጅ ብቻ የምትወልድ ስለ ሆነች፥ የሞተውን የሚተካ አልተገኘም። በ20ኛው መቶ ዓመት በጠቅላላው የተገደለው አንበሪ ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል።

አዳኞቹ መንግሥታት በ1946 በዋሽንግተን ተሰብስበው ውል ተዋዋሉ። ይሁን እንጂ ሕጋቸው አንድ ጕድለት ነበረው። በደቡብ ዋልታ ባሕር በዓመት የሚገደለውን ልክ በአንድ ድምር ወሰኑና ለእያንዳንዱ አገር ድርሻውን ሳይለዩ ተዉት። ስለዚህ እያንዳንዱ መርከብ ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ ይሽቀዳደም ጀመር። ደግሞም አንድ ሰማያዊ አንበሪ እንደ ሁለት ፊን አንበሪ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ስለሚያልቀው ዘር የተጨነቀ አልነበረም። ሰማያዊው አንበሪ እንዳይገደል የተከለከለው በ1966 ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ለንግድ የሚደረገው አደን ሁሉ እንዲቆም በ1982 ተወሰነ፤ ውሳኔውም በ1986 ተፈጻሚ ሆነ። ኖርዌይ ውሳኔውን ሳትቀበል ቀረች፤ ጃፓንም በ2019 ከማኅበሩ ወጣች። ቢሆንም ጀርባ ጐባጣ የሚባለው አንበሪ በብዙ ባሕር እንደ ገና በዝቷል። እጅ ሲሰበሰብ ፍጥረት እንደሚያገግም ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዳባት አልፎ ደባርቅ የደረሰ ሰው ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቢያቀና ሰንቀበርን፥ ግጭንና ጨነቅን ያገኛል። በዚያ ገደል ላይ የሚሄደው፥ ቀንዱ ወደ ኋላ እንደ ጐራዴ የታጠፈው ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ሩፔል የተባለ የጀርመን ተጓዥ በ1832 ወደ ስሜን መጥቶ አየው፤ በ1835ም ለዓለም ሊቃውንት በጽሑፍ አስታወቀ። ዋልያም እንደ አንበሪ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ይወልዳል።

አባቶቻችን በጦርና በአሮጌ ጠመንጃ ሲያድኑት ገደሉ ራሱ ጋሻ ይሆነው ነበር። ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላ ግን ከሩቅ የሚመታ አዲስ ጠመንጃ በየቤቱ ገባ። አገር ነፃ ያወጣ መሣሪያ ጠላት ከሄደ በኋላ ወደ ገደሉ ዞረ። የፎይን መድፍ በባሕር ላይ ያደረገውን ያ ጠመንጃ በስሜን አደረገው። መንግሥት በ1944 የአውሬ መጠበቂያ ዐዋጅ ቢያወጣም፥ በ1960ዎቹ ዓመታት በገደሉ ላይ የቀረው ዋልያ 200 እንኳ አይሞላም ተብሎ ተገመተ።

በ1967 ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ የስሜን ጠባቂ ሆኖ ተሾመ፤ በ1969ም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ። ይህ ሰው በኋላ ጃፓን ሄዶ ታይጂ በምትባል የአንበሪ አዳኞች መንደር ተቀመጠ፤ ስለ እነርሱም መጽሐፍ ጻፈ። ዋልያን የጠበቀው ሰው አዳኞችን እንደ ጠላት አለመቍጠሩ እኔን በጣም ያሳስበኛል። የገደሉ ጎረቤት የሆነው ባላገርም ጠላት አይደለም። ገብሱን በዳገት ላይ የሚዘራው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ሰዎች በግድ ተነሥተዋል፤ በ2016ም የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንግዲህ ዋልያ እንዲኖር ቀዬውን የለቀቀ ሰው ዕዳ አለን ማለት ነው። ዕዳውን ሳንከፍል እርሱን ብቻ ሕግ አክብር ብንለው ቃላችን ክብደት አይኖረውም።

ዩኔስኮ ስሜንን በ1978 ከላሊበላ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ነገር ግን ጦርነት ጠባቂዎቹን ስላባረረና የዋልያው ቍጥር ስላነሰ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ከዚያም የወጣው በ2017 ነው። በ2021 ዋልያው 865 ያህል ደርሶ ነበር። በአማራ አገር ጦርነት ከተነሣ በኋላ በ2024 ሲቈጠር 306 ብቻ ተገኘ። የብዙ ዓመት ድካም በሦስት ዓመት ፈረሰ።

ወጣቶች ሆይ! የአገራችን የእግር ኳስ ቡድን ዋልያዎቹ እየተባለ ሲጠራ እናንተም በደስታ ትጮኻላችሁ። ስሙን ለብሶ ባለ ስሙን ማጥፋት ግን ትልቅ ነውር ነው። በጥንት ዘመን አውሬ የገደለ ይፎክር ነበር፤ በዚህ ዘመን የሚያስፎክረው ግን መሣሪያ ይዞ ሳለ ሳይተኵስ መቅረት ነው። እናቶቻችን «ቀድሞ ነው እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ። ሰማያዊውን አንበሪ ያሳደዱት አገሮች መመጠንን ያሰቡት ድስቱ ባዶ ሊሆን ሲቃረብ ነው። እኛ ግን 306 ቀርተውልናል። ይህ ቍጥር ለማልቀስ አይበቃም፤ ለመመጠን ግን ገና ይበቃል።