ፍሬሽማኑን ማን ይቀበለው?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወጥቶ «ጅማ ደረሰኝ»፣ «አርባ ምንጭ ደረሰኝ» ከተባባሉ በኋላ ተማሪዎች የሚጠብቁት የጥሪ ማስታወቂያውን ነው። ይዘቱ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ከተጠቀሰው ቀን በፊትም ሆነ በኋላ የመጣ እንደማይስተናገድ አስጠንቅቆ ያበቃል። ከቤቱ ርቆ የማያውቅ ልጅ ግቢ ሲደርስ ማን እንደሚቀበለው፣ ሲጨንቀው ለማን እንደሚናገር አይነግረውም።

ዱሮ ይህ ጥያቄ ያን ያህል አያሳስብም ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ጀስዊት በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር ተማሪው ጥቂት ስለነበረ በመልክም በስምም ይታወቅ ነበር። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ የፍሬሽማን ዓመትም ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያ ሆኖ አያሌ ትውልድ አለፈበት።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያንን ዓመት አስቀረው። 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ፣ የብዙው ዲግሪ ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ኮርሶቹ ወደ ታች ወርደዋልና በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው ልጁ ግቢውን የሚለምድበት ጊዜ ነው። ያውም አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፍተው ተማሪው ቋንቋውን ወደማያውቀው ከተማ መመደብ በጀመረበት ዘመን!

ክፍተቱን የሞሉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። መናኸሪያ ወርደው አዲሶቹን የሚጠብቁ፣ ሻንጣ ተቀብለው የሚሸከሙ፣ ሬጅስትራሩንና ዶርሙን የሚያሳዩ ሲኒየሮች ባይኖሩ ስንቱ ከደጅ ይመለስ ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚመጡት በግቢ ጉባኤ፣ በጀመዓ ወይም በፌሎሺፕ በኩል ነው። ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም አቀባበሉ በየእምነቱ ሲሆን ፍሬሽማኑ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ ወገን ይለይለታል፤ ማንም ያልጠበቀው ደግሞ ብቻውን ይቀራል።

በ2012 የፍሬሽማን ዓመት ተመለሰ፤ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና ክሪቲካል ቲንኪንግ የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶችን ይዞ። በዚያው ዓመት መንግሥት በየግቢው ግጭት እንዳይነሳ ተማሪና ወላጅ የሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ አዘዘ። ውሉ ግን ሰላም አላመጣም፤ ጥቅምት ሳያልቅ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፣ በየግቢውም ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በ2015 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መጣ። የሪሚዲያል ተማሪ ደግሞ ግቢ ቢገባም ገና ፍሬሽማን እንኳ አልሆነም፤ የሪሚዲያሉን ፈተና ካላለፈ ይሸኛል።

በየለውጡ የተነሳው ጥያቄ ምን ይማሩ፣ ስንት ያምጡ የሚል ነበር፤ ማን ይቀበላቸው የሚለው ግን ተረስቷል። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ዘንድሮ መናኸሪያ ላይ የሚጠብቀው የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ይሁን። የመጀመሪያውን ሳምንት ለትውውቅ ስጡት፤ ለእያንዳንዱ ዶርም አንድ መምህር መድቡ። ስሙንና ስልኩንም በጥሪ ማስታወቂያው ላይ፣ ከብርድ ልብሱና ከአንሶላው በላይ ጻፉት።